የአንባቢያን ጥያቄ፦ ፓቪሊዮን የቱ ነው?

ለዚህ ዕትም የተመረጡት ጥያቄዎች ከአናጢ፣ ከኤግዚቢሽን አዘጋጅ፣ ከተርጓሚ፣ ከስፖርት ዘጋቢና ከድንጋይ ቀራጭ የመጡ ናቸው። ሁሉም ፓቪሊዮን ስለሚባል ነገር ይጠይቃሉ፤ የሚጠይቁት ነገር ግን አንድ አይደለም። ስሌት የሚፈልጉት ላይ ረዘም አድርገን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአትክልት ቦታ መጠለያም፣ የኤግዚቢሽን አዳራሽም፣ የሆስፒታል ሕንፃም ፓቪሊዮን ይባላሉ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ያዘ? በአማርኛስ ምን ልበለው?

የቃሉ ሥር በላቲን ፓፒሊዮ ነው፤ ቢራቢሮ ማለት ነው። ሮማውያን ሸራው ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ትልቅ ድንኳን በዚሁ ስም ጠሩት። ፈረንሳይኛ ፓቪዮን ብሎ ወረሰው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አለፈ። በመካከለኛው ዘመን ፓቪሊዮን ሲባል የንጉሥ ወይም የመኳንንት ድንኳን ነበር። በ1520 የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛና የፈረንሳዩ ፍራንሷ ቀዳማዊ በካሌ አቅራቢያ ሲገናኙ የተተከሉት ድንኳኖች በወርቀ ዘቦ ብዛት ስለታወቁ ቦታው እስከ ዛሬ የወርቅ ጨርቅ ሜዳ ይባላል። በኋላ ሸራው በእንጨትና በድንጋይ ሲተካ ስሙ አልተቀየረም።

ዛሬ አንድን ሕንፃ ፓቪሊዮን የሚያሰኙት ሦስት ምልክቶች ናቸው። ከሌላው ሕንፃ ተነጥሎ ይቆማል፤ ከራሱ የሚበልጥ ነገርን፣ ማለትም አትክልትን፣ ሜዳን፣ ኤግዚቢሽንን ወይም ሆስፒታልን ያገለግላል፤ አሠራሩም ቀለል ያለና ለአየር ክፍት ነው። ሦስተኛው ምልክት ከሁሉም ደካማው ነው። በእንግሊዝ ብራይተን ከተማ ያለውና ጆን ናሽ ከ1815 እስከ 1822 እንደገና የሠራው ሮያል ፓቪሊዮን ጉልላት የደረደረ ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀላልም ክፍትም አይደለም። ስሙን ያገኘው ከዋናው ቤተ መንግሥት ርቆ በባሕር ዳር ለመዝናኛ የቆመ በመሆኑ ነው።

በአማርኛ ሲጽፉ የተሠራበትን ነገር ይመልከቱ። ሸራ ከሆነ ድንኳን ይበሉት፤ ለጊዜው በእንጨትና በቅጠል የቆመ ከሆነ ዳስ፤ ቋሚ ጣሪያ ኖሮት ግድግዳ ከሌለው ፓቪሊዮን ብሎ መተው ይሻላል። «መጠለያ» ብቻ ካሉት የአውቶቡስ ማቆሚያም መጠለያ ስለሆነ አንባቢው ሌላ ነገር ያስባል።

ጥያቄ፦ ፓቪሊዮን፣ ጋዜቦና ፐርጎላ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጣሪያውን ይዩ። ፐርጎላ ከላይ እየተራራቁ የተደረደሩ አግዳሚዎች ብቻ ስላሉት ዝናብ አይከለክልም፤ ሐረግ ለማንጠልጠልና ጥላ ለመስጠት ነው። ጋዜቦ ሙሉ ጣሪያ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወይም ስምንት ማዕዘን ሆኖ ዙሪያውን አጥርና መቀመጫ ይታጠርለታል። ፓቪሊዮን ሙሉ ጣሪያ አለው፤ በአብዛኛው አራት ማዕዘን ሆኖ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ቻይናውያን ቲንግ የሚሉትና እይታው ባማረበት ቦታ የሚያቆሙት ግድግዳ የለሽ ግንባታ ደግሞ ስድስትም ስምንትም ማዕዘን ኖሮት ፓቪሊዮን ተብሎ ይተረጎማል፤ ስለዚህ ቅርጹ ብቻውን አይወስንም።

ጥያቄ፦ አራት በአራት ሜትር የሆነ፣ አራት ቋሚ ያለው የእንጨት ፓቪሊዮን ልሠራ ነው። ጣሪያው በአራት በኩል የሚወርድ ቆርቆሮ ነው። ለመሠረቱ 60 ሳንቲ ሜትር ብቆፍር ይበቃል? ቋሚዎቹንስ በቀጥታ ኮንክሪት ውስጥ ልትከላቸው?

ለሁለቱም መልሳችን አይሆንም ነው። ምክንያቱን ካወቁት ግን ሌላ መጠን ያለው ፓቪሊዮን ሲሠሩም ራስዎ ያሰሉታል።

ግድግዳ ያለው ቤት መሠረቱ የሚያስበው ስለ ክብደት ነው። ግድግዳ የሌለው ጣሪያ ግን ትልቁ ጠላቱ ወደ ላይ የሚያነሳው ነፋስ ነው። ነፋሱ ከሥር ገብቶ ይገፋዋል፤ ከላይ ሲያልፍም ይስበዋል። ስለዚህ የእርስዎ መሠረት ዋና ሥራው ጣሪያውን መሸከም ሳይሆን እንዳይነሳ ጎትቶ መያዝ ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የነፋስ ግፊት በኒውተን በካሬ ሜትር የሚገኘው ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ አድርጎ፣ በራሱ አባዝቶ፣ ከዚያ በ0.613 በማባዛት ነው። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በሰከንድ 30 ሜትር ስለሚሄድ ግፊቱ ወደ 550 ኒውተን፣ ማለትም በካሬ ሜትር 56 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ጣሪያዎ በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር ከወጣ ስፋቱ አምስት በአምስት፣ 25 ካሬ ሜትር ነው። ግፊቱ በሙሉ ወደ ላይ ያነሳል ብለን ከወሰድን 1,400 ኪሎ ግራም ያህል ይመጣል። ለጥንቃቄ በ1.5 ሲባዛ 2,100 ይሆናል። ከዚህ ላይ የጣሪያውን ክብደት ይቀንሱ፦ እንጨቱና ቆርቆሮው አንድ ላይ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ቢሆኑ 625 ኪሎ ነው፤ ለጥንቃቄ 90 በመቶውን ብቻ፣ 560 ኪሎውን፣ እንቁጠር። የቀረው 1,540 ለአራት ቋሚ ሲካፈል እያንዳንዱ መሠረት 385 ኪሎ ግራም መያዝ አለበት።

አሁን ጉድጓድዎን ይመዝኑ። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ጉድጓድ 60 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ የሚይዘው ኮንክሪት 100 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ስፋቱን 50፣ ጥልቀቱን 90 ቢያደርጉት ወደ 424 ኪሎ ይደርሳል። ልብ ይበሉ፤ ጥልቀቱ የጨመረው በግማሽ ሲሆን ክብደቱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ አድጓል፤ ምክንያቱም ስፋት በራሱ ተባዝቶ ነው የሚቆጠረው። መሬቱ በክረምት በረዶ በሚሠራበት አገር ደግሞ ጥልቀቱ ውርጭ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ አለዚያ የረጋው አፈር መሠረቱን በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ስሌት የመጀመሪያ ግምት ነው። በጣሪያው ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያለው መሳብ ከመሃሉ ስለሚበልጥ የሚሠሩበትን አካባቢ የነፋስ ፍጥነት የሚያውቅ መሐንዲስ የመጨረሻውን ቁጥር ይወስን።

ቋሚውን ኮንክሪት ውስጥ መትከል የማይመከረው በውሃ ምክንያት ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በእንጨቱና በኮንክሪቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ውሃ እዚያ ገብቶ መውጫ ያጣል። ብስባሹ የሚጀምረው ከመሬቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ላዩን ደህና የመሰለ ቋሚ ሥሩ አልቆ ይገኛል። መፍትሔው በጋልቫናይዝድ ብረት የተሠራ ጫማ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ መቅበር ነው። ኮንክሪቱ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አናቱ ውሃ እንዲያፈስ በዙሪያው ዘቅዘቅ ይደረግ፤ የብረቱ ጫማም የእንጨቱን እግር ከኮንክሪቱ ቢያንስ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያንሳው።

ይህ ግን ዋጋ አለው። በመሬት የተቀበረ ቋሚ በራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በብረት ጫማ የቆመ ቋሚ ግን እግሩ እንደ ማጠፊያ ነው፤ ብቻውን ወደ ጎን መገፋትን አይቋቋምም። ስለዚህ ሰያፍ ድጋፎች ግዴታ ይሆናሉ። ቋሚው 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ድጋፎቹ 10 በ10፣ በ45 ዲግሪ፣ ከላይኛው አግዳሚ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደው ቋሚውን ይያዙ። ለእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ድጋፍ ያስፈልጋል። በ12 ሚሊ ሜትር ቡለን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይታሰሩ። ሚስማር ብቻ አይበቃም፤ በተለይ በእንጨቱ ጫፍ ከጭረቱ ጋር ትይዩ የገባ ሚስማር በትንሽ ኃይል ይወጣል።

ጉድጓዱን ከመቆፈርዎ በፊት ማዕዘኖቹን ያረጋግጡ። በቋሚዎቹ መሃል መካከል አራት ሜትር ካለ ሁለቱም ሰያፍ ልኮች 5.66 ሜትር መሆን አለባቸው። ሁለቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ገመዱን ያስተካክሉ፤ እዚህ ላይ የታለፈ ስህተት ጣሪያው ላይ ሲደርስ ቆርቆሮው ሁሉ በሰያፍ እንዲቆረጥ ያስገድዳል።

በአራት በኩል የሚወርድ ጣሪያ ወራጆቹ አናት ላይ ተገናኝተው እግራቸውን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ይህን ግፊት የሚይዘው በቋሚዎቹ ላይ ዙሪያውን የሚሄደው አግዳሚ ነው። አራቱ ማዕዘኖች በደንብ ከታሰሩ መሃል ለመሃል የሚያልፍ ማሰሪያ እንጨት አያስፈልግም፤ ከላይ የተከፈተው ቦታም ያምራል። ማዕዘኑ ላይ እንጨቶቹን እኩል እኩል ፍቀው ያቆላልፉ፤ በላዩ ላይ በማዕዘን የታጠፈ ወፍራም ላሜራ በቡለን ያስሩበት። የተገጣጠመው በሚስማር ብቻ ከሆነ ማዕዘኑ ቀስ በቀስ ይከፈታል፤ የጣሪያው አናትም ይወርዳል።

አናጢዎች በብዛት የሚሳሳቱት በማዕዘን ወራጁ ላይ ነው። ጣሪያው ከመሃል እስከ ጠርዝ 2.5 ሜትር ሄዶ 83 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ተዳፋቱ 18.4 ዲግሪ ነው። መደበኛው ወራጅ 2.63 ሜትር ይሆናል። የማዕዘኑ ወራጅ ግን ያንኑ ከፍታ የሚወጣው 3.54 ሜትር በሚሆን ሰያፍ መንገድ ስለሆነ ርዝመቱ 3.63 ሜትር፣ ማዕዘኑም 13.2 ዲግሪ ብቻ ነው። በ18.4 ዲግሪ ከተቆረጠ አናቱ አይገጥምም፤ ክፍተቱን በሽብልቅ መሙላትም ጭነቱን በቀጭን እንጨት ላይ ማሳረፍ ነው። ሁሉንም ከመቁረጥዎ በፊት አንዱን ማዕዘን ወራጅ ቆርጠው በአራቱም ቦታ ይሞክሩት።

ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት በ10 ሳንቲ ሜትር በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ይበቃዋል። በሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይዝቀዝቅ። ከቋሚዎቹ መሠረት ጋር እንዳይጣበቅ መካከላቸው ለስላሳ ማለያ ይግባ፤ ሁለቱ የሚሰምጡት እኩል ስላልሆነ ከተጣበቁ ስንጥቁ ከቋሚው ሥር ይጀምራል። ወለሉን በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ለአራት ከፍለው ላዩን ይቁረጡት፤ ለሰባት ቀንም እርጥብ አድርገው ያቆዩት።

ጥያቄ፦ ከተሠራ ዓመት የሆነው ፓቪሊዮን ሰው ሲደገፈው ይወዛወዛል። መሠረቱ ተንዶ ይሆን?

ምናልባት አይደለም። መጀመሪያ ቡለኖቹን ይሞክሩ። በእርጥቡ የተሠራ እንጨት ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ዳዶው ካለበት ሳይንቀሳቀስ ቡለኑ ይላላል። እያንዳንዱን ያጥብቁና ከሁለተኛው ደረቅ ወቅት በኋላ ይድገሙት። ካልቆመ አንድ ሰው ቀስ ብሎ እየገፋ ሌላው ከቋሚው ሥርና አናት ይመልከት። አናቱ እየሄደ እግሩ ካልተነቃነቀ የጎደለው ሰያፍ ድጋፍ ነው። እግሩ ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ ብቻ ነው ጉዳዩ የመሠረት የሚሆነው። ድጋፍ ከመጨመርዎ በፊት ቋሚዎቹን በቱምቢ ቀጥ አድርገው በገመድ ወጥረው ይያዙ፤ አለበለዚያ ጥመቱን ለዘለቄታው ያስሩታል።

ጥያቄ፦ ሦስት በሦስት ሜትር የሆነ ታጣፊ ድንኳን ለዝግጅት እንተክላለን። በየእግሩ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ማሰር ይበቃል?

ከላይ ባለው ስሌት መልሱን ማግኘት ይቻላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ሸራን በ69 ኪሎ ያህል ያነሳል፤ ለአራት እግር 17 ኪሎ ይደርሳል። አንዱ ጀሪካን እስከዚያ ብቻ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 39 ኪሎ ይወጣል፤ ያኔ ሁለት ጀሪካን እንኳ ዳር ላይ ነው። ፍጥነት በግማሽ ሲጨምር ኃይሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ጎን ከተሸፈነ ደግሞ ድንኳኑ እንደ ሸራ ጀልባ ስለሚገፋ ይህ ቁጥር አይሠራም። መሬቱ አፈር ከሆነ ካስማ ከጀሪካን ይበልጣል፤ ካስማው አናቱን ከድንኳኑ አርቆ ዘንበል ብሎ ይመታ፣ ገመዱም 45 ዲግሪ ያህል ይዞ ይወጠር።

ዝናብን አይናቁ። አንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ነው። ሁለት በሁለት ሜትር የሆነ ኩሬ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ 200 ኪሎ ይሆናል፤ ሸራውም በክብደቱ ይበልጥ ስለሚረግብ ውሃው ራሱን ይጠራል። መነሻው ሁልጊዜ የላላ ሸራ ነው፤ ዝናብ ሳይጀምር ይወጥሩ። ውሃው ገና ሲጠራቀም ከጠርዝ አጠገብ በለስላሳ መጥረጊያ ወደ ላይ እየገፉ ያፍስሱ። ከገዘፈ ግን ከሥሩ ሰው ማስወጣት ይቅደም።

ጥያቄ፦ በዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት «በአገራችሁ ፓቪሊዮን ተሳተፉ» የሚል ግብዣ ደረሰን። ራሳችን ሕንፃ እንሠራለን ማለት ነው?

አይደለም። በንግድ ትርኢት የአገር ፓቪሊዮን ማለት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከአንድ አገር የመጡ ድርጅቶች ጎን ለጎን የሚቆሙበት ክፍል ነው። እናንተ የምትይዙት በውስጡ አንድ ስታንድ ነው፤ የተለመደው ትንሹ ልክ ሦስት በሦስት፣ ዘጠኝ ካሬ ሜትር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ ቦታው ባዶ ወለል ነው ወይስ ግድግዳና መብራት አለው፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ስንት ኪሎ ዋት ነው፤ በሌሊት ይቋረጣል ወይ፤ ስታንዱ በስንት ጎን ክፍት ነው። ማቀዝቀዣ ይዞ ሄዶ ኃይሉ ማታ የሚቋረጥበት ቦታ ላይ ማረፍ ደጋግሞ የሚደርስ ችግር ነው።

የዓለም ኤክስፖ ግን ሌላ ነው። እነዚህ በ1928ቱ የፓሪስ ስምምነት በተቋቋመው ዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽኖች ቢሮ ይመራሉ፤ በአምስት ዓመት አንዴ እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ። በ1851 በለንደን ሁሉም አገር በአንድ የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ነበር ያሳየው። በ1867 በፓሪስ ከዋናው ሕንፃ ውጭ በየፊናቸው የቆሙ ፓቪሊዮኖች ታዩ፤ ያ አሠራር ነው እስከ ዛሬ የቀጠለው። በ2025ቱ የኦሳካ ኤክስፖ አንዳንድ አገሮች የራሳቸውን ሕንፃ ሠርተዋል፤ ሌሎች አዘጋጁ የሠራውን ተረክበው አስጊጠዋል፤ ሌሎችም በጋራ አዳራሽ ውስጥ ቦታ ይዘዋል። ሁሉም ግን ፓቪሊዮን ተብለዋል።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ወጪ የወጣባቸው የኤክስፖ ፓቪሊዮኖች ለምን ይፈርሳሉ?

ከመጀመሪያው ለጊዜው የተፈቀዱ ስለሆኑ ነው። ቦታው ለሌላ ሥራ ይፈለጋል፤ መሠረታቸውም፣ የእሳት መከላከያቸውም፣ የሙቀት መጠበቂያቸውም ለጥቂት ወራት የታሰበ ነው። በ1958 በብራስልስ በአርክቴክቱ ለ ኮርቡዚየ ቢሮ በያኒስ ዜናኪስ የተነደፈው የፊሊፕስ ፓቪሊዮን በማግስቱ ዓመት ፈርሷል። ሚስ ቫን ደር ሮኸ ለ1929ኙ የባርሴሎና ኤግዚቢሽን የሠራው የጀርመን ፓቪሊዮን በ1930 ተነቀለ። ስምንት መስቀል ቅርጽ ያላቸው የብረት ቋሚዎች ጣሪያውን ተሸክመው የድንጋይና የመስታወት ግድግዳዎቹ ጭነት ሳይኖርባቸው እንደ ልብ የቆሙበት አሠራሩ ግን በፎቶግራፍ ብቻ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲጠና ኖረ፤ ከ1983 እስከ 1986 በዚያው ቦታ እንደገና ተገንብቶ ዛሬ ይጎበኛል። ይህን ሕንፃ ከወረቀት ላይ ይልቅ በእግር ዞሮ ማየት እጅግ ይለያል፤ ዕድሉ ያለው ሰው አያምልጠው።

ቀርተው የተጎዱም አሉ። በክሚንስተር ፉለር ለ1967ቱ የሞንትሪያል ኤክስፖ የነደፈው 76 ሜትር ስፋት ያለው የአሜሪካ ፓቪሊዮን በ1976 የብየዳ ሥራ ሲካሄድበት ተቀጣጠለና የአክሪሊክ ሽፋኑ በሙሉ ነደደ። የብረት አጥንቱ ተርፎ ዛሬ የአካባቢ ጥበቃ ሙዚየም ነው። የስድስት ወር ሽፋንን ለዓመታት ማቆየት የሚያስከትለውን አደጋ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ከተሞች የሆስፒታል ክፍሎች «ፓቪሊዮን 3»፣ «ፓቪሊዮን 4» ይባላሉ። ለምን?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች በሽታ በተበከለ አየር ይተላለፋል ብለው ያምኑ ስለነበር ሕሙማንን በተነጣጠሉ ረጃጅም ሕንፃዎች አስተኙ። ሕንፃው በሁለቱም ጎን መስኮት ስላለው ነፋስ አቋርጦ ያልፋል፤ አንዱ ክፍል ወደ 30 አልጋ ይይዝ ነበር። በ1854 የተከፈተው የፓሪሱ ላሪቧዚየር የዚህ አሠራር አርአያ ነበር፤ እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል አጥብቃ ደግፋዋለች። ምክንያታቸው የተሳሳተ ቢሆንም አየርና ብርሃን፣ የሕሙማን መራራቅም በእርግጥ ይረዱ ነበር። በኋላ ጀርሞች ሲታወቁ፣ አሳንሰርም ሲመጣ፣ ሠራተኛ ከሕንፃ ሕንፃ የሚመላለስበት ርቀት ትርጉም አጣ። ባርሴሎና ውስጥ ሉዊስ ዶሜነክ ኢ ሞንታነር የነደፈው የሳንት ፓው ሆስፒታል ይህን ርቀት የፈታው ፓቪሊዮኖቹን በምድር ውስጥ መተላለፊያ በማገናኘት ነው።

ጥያቄ፦ ከፈረንሳይኛ ስተረጉም «ፓቪዮን» የሚለው ቃል በመርከብ ውል ውስጥ አጋጠመኝ። ድንኳን አልኩት፤ ትርጉም አልሰጠም።

በመርከብ ጉዳይ ባንዲራ ነው፤ መርከቡ የተመዘገበበትን አገር የሚያመለክት። በሕክምና ጽሑፍ ከ«ጆሮ» ጋር ከመጣ የጆሮ ቅጠል ነው። በሙዚቃ ወረቀት ላይ ድምፅ የሚወጣበት የመለከት ሰፊ አፍ ነው፤ «ፓቪዮኖች ወደ ላይ» ከተባለ ነፋሾቹ የመሣሪያቸውን አፍ ከፍ አድርገው ይንፉ ማለት ነው። በቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ደግሞ ከሌላ ጋር ያልተያያዘ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው።

ጥያቄ፦ በክሪኬት ዘገባ «ወደ ፓቪሊዮን ተመለሰ» ሲባል ተጎዳ ማለት ነው?

አይደለም፤ መቺው ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ፓቪሊዮኑ ተጫዋቾች ልብስ የሚቀይሩበትና ተራቸውን የሚጠብቁበት ሕንፃ ነው። በለንደን ሎርድስ ሜዳ ያለው ከ1889 እስከ 1890 የተሠራ ሲሆን ኳስ ከሚወረወርባቸው ከሁለቱ ጫፎች አንዱ በስሙ የፓቪሊዮን ጫፍ ይባላል።

ጥያቄ፦ ኳርትዝ የሚባለውን ብርሃን አሳላፊ የጌጥ ድንጋይ መቅረጽ እየተማርኩ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ክብ ድንጋይ ፓቪሊዮኑን በ40 ዲግሪ ቀረጽኩት። ከላይ ሲያዩት መሃሉ እንደ መስኮት ባዶ ነው። ማለስለሱ አንሶ ይሆን?

ማለስለስ አይፈታውም፤ ችግሩ ማዕዘኑ ነው። ፓቪሊዮን ከድንጋዩ ወገብ፣ ማለትም ከሰፊው ዙሪያው፣ በታች ያለው ክፍል ነው፤ ሥራው ከላይ የገባውን ብርሃን እንደ መስታወት መልሶ ወደ ዓይን መላክ ነው። ብርሃኑ ገጹን የሚመታበት ማዕዘን ከአንድ ወሰን ካነሰ ግን አይንጸባረቅም፤ ሰንጥቆ ይወጣል። ይህ ወሰን ለኳርትዝ 40.4 ዲግሪ፣ ለቶጳዝዮን 38 ያህል፣ ለሰንፔር 34.5 ያህል፣ ለአልማዝ 24.4 ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ብርሃን የመጀመሪያውን ገጽ የሚመታው ፓቪሊዮኑ በተቀረጸበት ማዕዘን ልክ ስለሆነ የእርስዎ 40 ዲግሪ ከወሰኑ በጥቂት ወርዷል።

ወደ ላይም ገደብ አለ። ብርሃኑ ከመጀመሪያው ገጽ ተንጸባርቆ ሁለተኛውን የሚመታው ከ180 ላይ የፓቪሊዮኑን ማዕዘን ሦስት እጥፍ ቀንሶ በሚገኘው ማዕዘን ነው። ለኳርትዝ ይህ ከ40.4 እንዳያንስ ፓቪሊዮኑ ከ46.5 ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ቀራጮች ኳርትዝን በ43 ዲግሪ አካባቢ የሚይዙት ከሁለቱም ዳር ለመራቅ ነው፤ ድንጋዩ ትንሽ ዘንበል ሲልም መስኮቱ ቶሎ አይከፈትም። አልማዝ ሰፊ ዕድል አለው፤ ቢሆንም ማርሴል ቶልኮውስኪ በ1919 ያሰላው 40.75 ዲግሪ እስከ ዛሬ መነሻ ነው። አልማዝ ከዚያ በጣም ከጠፈጠፈ የወገቡ ነጸብራቅ በመሃል እንደ ቀለበት ይታያል፤ በጣም ከጠለቀ መሃሉ ይጠቁራል።

እንደገና ለመቅረጽ ጥልቀቱን ያስሉ። በ40 ዲግሪ የ10 ሚሊ ሜትር ድንጋይ ፓቪሊዮን 4.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው። በ43 ዲግሪ 4.66 ያስፈልገዋል። ከታች የሚጨመር ነገር ስለሌለ ወይ ወገቡን ወደ ላይኛው ክፍል ከፍ ማድረግ፣ ወይ ስፋቱን መቀነስ አለብዎት። ላይኛው ክፍል ቀጭን ከሆነና ጥልቀቱ 4.2 ላይ ከቀረ ስፋቱ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በ600 ቁጥር ሻካራ ገጽ ጀምረው በ1,200 እና በ3,000 ያልፉ (ቁጥሩ ሲጨምር ሻካራነቱ ይቀንሳል)፤ መጨረሻውን ሴሪየም ኦክሳይድ በሚባለው የማለስለሻ ዱቄት ያለስልሱ። ከ3,000 በፊት ያልጠፋ ጭረት በሴሪየም አይጠፋም፤ ገጹን ያሞቀዋል እንጂ።

ለሚቀጥለው ድንጋይ ላይኛውን ክፍል ከመንካትዎ በፊት ፓቪሊዮኑን ጨርሰው ይፈትሹት። የላይኛውን ጠፍጣፋ ገጽ ለጊዜው በትንሹ አለስልሰው ድንጋዩን በታተመ ጽሑፍ ላይ ጫፉን ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡና ቀጥ ብለው ከላይ ይመልከቱ። በመሃሉ ፊደል ከተነበበ ማዕዘኑ ገና ዝቅተኛ ነው፤ በግማሽ ዲግሪ እየጨመሩ ይድገሙት።